ጥቁር ካልሲ

አርባ ሁለት ዓይነት የጥርስ ሳሙና አለ፤ ቆጠርኩት።
አንዱ ያነጣል፣ አንዱ ድድ ያጠነክራል፣
አንዱ ከሰል አለበት፣ አንዱ ናና።
ዊኒፔግ፣ ጥር ወር፣ ውጪው ሠላሳ ከዜሮ በታች፤
እኔ ኮቴን እንደለበስኩ ቆሜያለሁ፣
ከጫማዬ በረዶው ቀልጦ ኩሬ ሠርቷል።
አንዱን አነሳለሁ። እመልሳለሁ።
የሱቁ ልጅ ሁለቴ አለፈኝ፤ በሦስተኛው «ልርዳሽ?» ሲለኝ
እንባዬ መጣ።
በጥርስ ሳሙና!

ቀኑን ሙሉ የዋልኩት ከድንገተኛው በር፣
«አንተ ግባ፣ አንቺ ጠብቂ» እያልኩ ስናገር፤
ደረቱን የያዘው ሽማግሌ ይቅደም?
ወይስ ያቺ ሕፃን፣ ትኩሳቷ አይበርድም?
ጣቱን በቢላ የቆረጠው ምግብ አብሳይ፣
ወይስ ዝም ያለችው፣ ግድግዳ የምታይ?
የሚጮህስ ትንፋሽ አለው፤ ዝም ያለው ነው የሚያባንነኝ፣
ይኼንን ትምህርት ቤት ሳይሆን አንድ ሌሊት ነው ያስተማረኝ።
ከንጋት እስከ ማታ መቶ አሥር ሰው መጣ፣
መቶ አሥር ጊዜም ፍርድ ከአፌ ወጣ።
ለካስ የትልቁም የትንሹም ምርጫ የሚከፈል ካንድ ኪስ፣
ጠዋት ሳልቆጥብ ዘርዝሬ፣ ማታ ባዶውን የምዳብስ።

ቤት ገባሁ። ዘርይሁን፣ ክፋት የማያውቀው፣
ኮቴን ከትከሻዬ ተቀብሎ ሰቀለው።
«ምን እንብላ?» አለኝ።
ይቺው ናት፤ ሁለት ቃል።
«ሁሉን የምመርጠው እኔ ነኝ ወይ?» ብዬ ጮህኩ።
ሶስና ማንኪያዋን ቀስ ብላ አስቀመጠች።
ጓዳ ገብቼ በሩን ዘጋሁ፤
ሳሙናውንም ሳልገዛ ነበር የመጣሁት።

በማግስቱ ለኮራሶን ነገርኳት።
ሠላሳ ዓመት ነርስ ናት፣ ከማኒላ የመጣች፣ አጭር፣ ሳቂታ፤
ሱሪዋን ሰብሰብ አድርጋ እግሯን አሳየችኝ፦
«ጥቁር። ሃያ ጥንድ፣ ሁሉም አንድ ዓይነት።
ካልሲ መምረጥ ከተውኩ አሥራ አንድ ዓመቴ።
ቁርሴ አንድ ነው፣ መንገዴ አንድ ነው፤
ጭንቅላቴን ለበሽተኛ ነው የማስቀምጠው።
ደግሞ ስሚኝ፣ ከምሽቱ ስምንት ሰዓት ወዲያ»
(በእኛ ቆጠራ ሁለት መሆኑ ነው)
«አትፈርሚ፣ አትጣዪ፣ ባልሽንም አትፍቺ፤
መጀመሪያ ብዪ፣ ቀጥለሽ ተኚ።»

«መራጭ ይወድቃል ከምራጭ» ሲሉ ሰምቼ ባደግኩበት፣
ለኮራች ኮረዳ መስሎኝ ነበር፤ ለደከመም ኖሯል ያሉት።

አሁን ፍሪጃችን ላይ በሶስና እጅ የተጻፈ ወረቀት አለ።
ሰኞ ምስር። ማክሰኞ ፓስታ።
ረቡዕና ዓርብን ድሮም ጾሙ ወስኖልናል፤
አባቶች ይኼን ድካም ሳያውቁት አልቀሩም።
ሐሙስ የሶስና ምርጫ ነው፤ ሁልጊዜም ፒዛ።
አጠገቡ በማግኔት ተይዞ የካልጋሪው ደብዳቤ ተሰቅሏል፦
ለዘርይሁን ሥራ ተገኝቷል፤ እንሂድ ወይስ እንቅር?
ማታ ማታ ዓይኔ ወደዚያ ይሄዳል፣
ማታ ማታ ኮራሶን ሱሪዋን ትሰበስባለች።
«ቅዳሜ ጠዋት፣ እንቅልፍ ከጠገብን በኋላ» ተባብለናል።
አንዱ ቅዳሜ በረዶ ስንጠርግ አለፈ፤
ሁለተኛው ለምን እንዳለፈ አላውቅም።
ሕጌ መደበቂያ እንዳይሆንብኝ እፈራለሁ።

ትናንት ግን መቶ ሃያ ሦስት ሰው ሸኝቼ፣
ጣቶቼ ከጓንቱ አልወጣ ብለውኝ በር ላይ ስቆም፣
ዘርይሁን አልጠየቀኝም፤ ወረቀቱንም አላየም።
«ምስር ነው» አለኝ። «ቀርቧል። ተቀመጪ።»
በአሥራ ሁለት ዓመት ከነገረኝ ሁሉ፣ የፍቅሩም ጭምር፣
እንደዚህ ያሳረፈኝ የለም።
ተቀመጥኩ።
ጨው አንሶታል።
ልጨምር፣ አልጨምር ብዬ አላሰብኩም፤
በላሁ።